ስክሪኑ የሚያሳየው እውነት ነው? የመርከብ ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ሥራ ሲብራራ

መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ 300 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ዳሊ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ከአሜሪካው የባልቲሞር ወደብ ተነሥታ ወደ ስሪ ላንካ ጉዞ እንደጀመረች የኤሌክትሪክ ኃይሏ በድንገት ተቋረጠ። ኃይሉ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ እንደገና ጠፋ። መርከቧ ከዚያ በኋላ አቅጣጫዋን ማስተካከል ሳይቻል የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ምሰሶ መታች፤ ድልድዩም ተደርምሶ በላዩ ላይ በጥገና ሥራ ላይ ከነበሩት መካከል 6 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ድምዳሜ የመጀመሪያውን የኃይል መቋረጥ መነሻ አንድ ልል ሽቦ ላይ አደረሰው። በሽቦው ጫፍ ላይ የተጠለቀችው የመለያ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቀለበት ከቦታዋ አልፋ ስለተቀመጠች፣ ጫፉ ወደ ማያያዣው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቀርቶ ነበር። ለአደጋው ሌሎች ምክንያቶችም ተጠቅሰዋል፤ ለምሳሌ ኃይሉ ለሁለተኛ ጊዜ የጠፋው ለጄኔሬተሮቹ የሚደርሰው የነዳጅ ግፊት በማነሱ ነበር። ሆኖም በሺህ የሚቆጠሩ ማያያዣዎች ካሉባት መርከብ ውስጥ አንዷ በሚገባ አለመጥበቋ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ሆነች።

ከዚህ ዜና በኋላ በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄ በመርከብ ላይ ሽቦን፣ ራዳርን፣ ሬዲዮንና የማሳያ ስክሪኖችን የሚጠብቀው ማን ነው፣ ሥራውስ ምንድን ነው የሚል ነው። ብዙ ሰው የመርከብ ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻንን የተበላሸ ሣጥን ከፍቶ የሚጠግን ሰው አድርጎ ያስበዋል። ጥገና የሥራው አንድ ክፍል መሆኑ እርግጥ ነው። የሥራው ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ የመርከቡ አዛዥ በጨለማና በጭጋግ ውስጥ ሆኖ የሚያየው ቁጥር የሚታመን መሆኑን ማረጋገጥ።

ስለ የትኛው ባለሙያ ነው የምንናገረው?

በዚህ መጠሪያ የሚታወቁት ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከመርከቧ ጋር የሚጓዘው የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ነው። ይህ ሰው ከጄኔሬተሩ ማከፋፈያ ሰሌዳ ጀምሮ እስከ ራዳሩ አንቴና ድረስ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ነገር ሁሉ ይመለከተዋል፤ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከተማ በብዙ ቀን መንገድ ርቆ ሳለ አንድ ነገር ቢበላሽ መፍትሔውን በእጁ ካለው ዕቃ መፈለግ ይኖርበታል። ሁለተኛው ወደብ ላይ ተቀምጦ መርከቦች ሲደርሱ የሚወጣው የአገልግሎት ቴክኒሻን ነው። እርሱ ደግሞ በራዳር፣ በሬዲዮ ወይም በጉዞ መቅረጫ ላይ ከአምራቹ የተሰጠ ፈቃድ አለው። የዚህኛው ችግር የጊዜ ነው። የመርከብ የወደብ ቆይታ ውድ በመሆኑ፣ ከዚህ በፊት አይቶት በማያውቀው መርከብ ላይ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይሰጡታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብልሽቱን አግኝቶ፣ ጠግኖ፣ ፈትሾ፣ ሪፖርት ጽፎ መውረድ አለበት። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎችንና የመዝናኛ ጀልባዎችን የሚያገለግለውም ከዚህ ወገን ይቆጠራል።

ማዘዣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ምን ይሠራሉ?

መርከበኞች ብሪጅ ብለው የሚጠሩት የማዘዣ ክፍል በስክሪኖች የተሞላ ነው። ከሁሉ የሚታወቀው ራዳር በገደል ማሚቶ ይመሰላል። ሰው ገደል ፊት ቆሞ ሲጮኽ ድምፁ ተመልሶ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን መገመት እንደሚችል፣ ራዳርም አጭር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ እስኪመለስ ይቆጥራል። ልዩነቱ በፍጥነት ላይ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ የባሕር ማይል ማለትም 1,852 ሜትር ርቆ ካለ መርከብ ተመልሶ ለመምጣት የሚወስድበት ጊዜ 12 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ትልልቅ መርከቦች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ራዳር ይይዛሉ። ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ሞገድ ትንንሽ ነገሮችን አጥርቶ ያሳያል፤ ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ ከባድ ዝናብን አሻግሮ በማየት ይበልጠዋል።

የቴክኒሻኑ ሥራ ራዳሩ ምስል ማውጣቱን አይቶ አያበቃም። ምስሉ ከመርከቧ አፍንጫ ጋር መገጣጠሙንም ማረጋገጥ ይኖርበታል። አንቴናው ሲገጠም ሁለት ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ 6 የባሕር ማይል ርቆ ያለ መርከብ ከእውነተኛ ቦታው 390 ሜትር ገደማ ወደ ጎን ተገፍቶ ይታያል። ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፣ ማስጠንቀቂያ አይጮኽም፣ መሣሪያው በሙሉ ጤንነት ላይ ያለ ይመስላል፤ የሚናገረው ግን ስሕተት ነው። ለዚህም ባለሙያው በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ለምሳሌ የወደብ ፋና መርጦ፣ በኮምፓስ የተለካውን አቅጣጫ ራዳሩ ከሚያሳየው ጋር አመሳክሮ ልዩነቱን ያርማል።

የጥልቀት መለኪያውም እንደ ራዳር በማሚቶ የሚሠራ ሲሆን የሚጠቀመው ግን ድምፅን ነው። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ ማሚቶው በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ከተመለሰ ወለሉ 75 ሜትር ርቋል ማለት ነው። ከምን የራቀ ነው የሚለው ግን መታወቅ አለበት። ከመርከቧ ሆድ ሥር ካለው ድምፅ ሰጪ ነው ወይስ ከውኃው ገጽ? ይህ ቅንብር ተሳስቶ ከተቀመጠ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነቱ በብዙ ሜትር ሊለይ ይችላል።

ኤአይኤስ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ከታክሲ ረዳት ጋር ይመሳሰላል። ወያላው የመኪናውን መድረሻ እየደጋገመ እንደሚጠራ ሁሉ፣ ይህም መሣሪያ የመርከቧን ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ቦታ፣ ፍጥነትና መድረሻ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ሞገድ ላይ ሳያቋርጥ ይናገራል። የሚናገረው ግን የተነገረውን ነው። የመርከቧ ርዝመትና የጂፒኤስ አንቴናው የተተከለበት ቦታ በትክክል ካልተሞላለት፣ የ300 ሜትሯ መርከብ አፍንጫ በሌሎች ስክሪን ላይ ካለበት ቦታ ርቆ ይታያል። እነዚህን መረጃዎች በገጠማ ጊዜ የሚሞላው ቴክኒሻኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሞሉ በኋላ ለዓመታት ማንም ሳያያቸው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው እንዴት ይነጋገራሉ?

በዘመናዊ መርከብ ብቻውን የሚሠራ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። የኤሌክትሮኒክስ ካርታው ቦታውን ከጂፒኤስ፣ አቅጣጫውን ከጋይሮ ኮምፓስ፣ የሌሎችን መርከቦች መረጃ ከኤአይኤስ ይቀበላል። ስለዚህ አንዱ ሲሳሳት ስሕተቱ ወደ ሌሎቹ ይጋባል፤ ካርታው ላይ የታየ ብልሽት ምንጩ ምሰሶ ላይ ያለው አንቴና ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ የመጣውና ዛሬም በብዛት የሚሠራበት ኤንኤምኢኤ 0183 የተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ የተቀሩት ያደምጣሉ። ፍጥነቱ በመደበኛው በሰከንድ 4,800 ቢት ነው፤ አብዛኛው ዐረፍተ ነገር በዶላር ምልክት ይጀምርና፣ በመንገድ ላይ አንድ ፊደል ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ በሚያስችል የማረጋገጫ ቁጥር ያበቃል። ኋላ የመጣው ኤንኤምኢኤ 2000 ደግሞ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠው በየተራ ይናገራሉ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከጀመሩም አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ይቀጥላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ ሥርዓት ዋናው ገመድ በሁለቱ ጫፎቹ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ያላቸው ሁለት መዝጊያዎች (ተርሚኔተሮች) ሊኖሩት ይገባል። ልምድ ያለው ቴክኒሻን ኃይሉን አጥፍቶ በመስመሩ ላይ መልቲሜትር ሲያገናኝ 60 ኦም ገደማ ካነበበ ሁለቱም ጫፎች አሉ ማለት ነው፤ 120 ካነበበ አንዱ ጠፍቷል፤ 40 ገደማ ካነበበ ሳያስፈልግ ሦስተኛ የጨመረ ሰው አለ። በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ይህ ልኬት ግማሽ ቀን ከሚፈጅ ፍለጋ ያድናል።

ብልሽት የሚፈለገው እንዴት ነው?

ባሕር ለኤሌክትሮኒክስ ክፉ ጎረቤት ነው። ጨው ያለበት እርጥበት በሽቦው ሽፋን ጫፍ ገብቶ መዳቡን ወደ አረንጓዴ ዝገት ይለውጣል፤ የሞተሩ የማያቋርጥ ንዝረት የጠበቀውን ቡሎን ያላላል፤ በምሰሶው ላይ ያለው አንቴና ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በዚህ መስፋትና መጥበብ ውስጥ ውኃ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጠራል። ስለዚህ የሚበላሸው በአብዛኛው መሣሪያው ውስጥ ያለው ውስብስብ ካርድ ሳይሆን ሽቦው፣ ማያያዣው፣ አንቴናውና የኃይል አቅርቦቱ ነው። ጀማሪ ሣጥኑን ለመክፈት ይቸኩላል። የበሰለው ባለሙያ ከኃይል ይጀምራል።

ምሳሌ እንውሰድ። በ12 ቮልት ባትሪ የምትሠራ አንዲት ጀልባ ላይ ያለ ሬዲዮ ጥሩ አድርጎ ይሰማል፤ ለመናገር ቁልፉ ሲጫን ግን ይጠፋል። ባለቤቱ ሬዲዮው ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ለመግዛት አስቧል። ቴክኒሻኑ ባትሪውን ሲለካ 12.6 ቮልት አለ፤ ሬዲዮው መግቢያ ላይም ሲለካ ያው ነው ለማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኃይሉ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ሬዲዮው ሲያዳምጥ የሚስበው ግማሽ አምፔር ገደማ ሲሆን፣ በ25 ዋት ሲናገር 5 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ የዛገ ማያያዣ 0.4 ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር፣ በማዳመጥ ጊዜ የሚባክነው 0.2 ቮልት ብቻ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። በመናገር ጊዜ ግን 2 ቮልት ይባክናል፣ ለሬዲዮውም 10.6 ቮልት ብቻ ስለሚደርሰው ራሱን ያጠፋል። ቀጭን ቱቦ ያለው ቤት አንድ ቧንቧ ሲከፈት ውኃው ጥሩ ሆኖ፣ ሁሉም ሲከፈት እንደሚደርቅ ያለ ነው። ስለዚህ ልኬቱ መደረግ ያለበት መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ፣ ጭነት ተሸክሞ ነው። መፍትሔው አዲስ ሬዲዮ ሳይሆን አንድ ማያያዣ ቆርጦ፣ አጽድቶና በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ተጠቅሞ እንደገና መሥራት ይሆናል።

የዚህ አሠራር ሥርዓት በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል፤ መንገዱን መሃል ላይ ቆርጦ ወደ ግራና ቀኝ መመልከት ነው። ምልክቱ መሃል ላይ ደርሶ ከሆነ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፣ ካልደረሰ ከዚያ በፊት። በየጊዜው ግማሹን እየጣሉ መሄድ ረጅሙን ፍለጋ ያሳጥራል። ለዚህም መልቲሜትር፣ የሽቦ ሽፋን መድከሙን የሚለካው ሜገር፣ የምልክትን ቅርጽ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ፣ ከአንቴና ወደ ኋላ የሚመለሰውን ኃይል የሚለካው መሣሪያ፣ የጋለ ማያያዣን ሳይነኩ የሚያሳየው የሙቀት ካሜራ ያገለግላሉ። ከሁሉ በላይ ግን የመርከቧን የኤሌክትሪክ ሥዕል ማንበብ መቻል ያስፈልጋል፤ ሥዕሉና እውነተኛው ሽቦ የማይገጣጠሙበት ጊዜም እንደማይጠፋ መጠበቅ ጥሩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለጊዜው ብሎ የለወጠው መስመር ሥዕሉ ላይ ሳይገባ ይቀራል። ጠንቃቃ ባለሙያ የለወጠውን ነገር በሥዕሉ ላይ ያሰፍራል፣ በሽቦውም ላይ መለያ ያደርጋል፤ መለያውን የት ድረስ ማስገባት እንዳለበትም፣ ከዳሊ በኋላ፣ ያስባል።

እዚህ ላይ የመርከብ ኤሌክትሪክ ከቤት ኤሌክትሪክ የሚለይበትን አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በብዙ መርከቦች ላይ የኃይል ሥርዓቱ ከመርከቧ አካል ጋር ሆን ተብሎ አይገናኝም። በዚህ ምክንያት አንድ ሽቦ የመርከቧን ብረት ቢነካ ብሬከሩ ወዲያው አይወርድም፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይበራል፣ መሣሪያውም መሥራቱን ይቀጥላል። ይህም የተደረገው የመሪ ሞተርን የመሰለ አስፈላጊ መሣሪያ በአንድ ስሕተት ብቻ እንዳይቆም ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ሽቦ በሌላ ቦታ ብረቱን ከነካ ትልቅ ጅረት ያልፋል። ስለዚህ ያች የመጀመሪያዋ የማስጠንቀቂያ መብራት ስትበራ እያንዳንዱን መስመር በየተራ እየለዩ ጥፋቱን እስኪያገኙ መፈለግ የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንኑ ግዴታ ነው። መርከቧ ያለ ችግር እየሄደች ስለሆነ ነገሩን ለነገ ማሳደር እጅግ ቀላል ነው፤ አደጋውም በዚያ ነው።

የጭንቅ ጥሪ መሣሪያዎች ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ?

ራዳር ቢበላሽ በዚያው ሰዓት ይታወቃል። የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ግን መበላሸቱ የሚታወቀው በሚፈለግበት ቀን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 1999 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ጂኤምዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ጭንቅ ጥሪ ሥርዓት፣ መርከቦች እንደሚጓዙበት የባሕር ክልል የትኞቹን ሬዲዮዎች መያዝ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ከባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች ርቀው የሚጓዙት ከጥገና አማራጮች ውስጥ ሁለቱን ማሟላት አለባቸው፤ አማራጮቹም መሣሪያን በሁለት መያዝ፣ ከምድር የጥገና ድርጅት ጋር መዋዋል፣ ወይም መጠገን የሚችል ሰው በመርከቧ ላይ ማድረግ ናቸው።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ኢፐርብ ነው። መርከብ ስትሰጥም በ406 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ወደ ሳተላይት የጭንቅ ምልክት የሚልክ፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን ቢያንስ ለ48 ሰዓታት መናገር እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። መያዣው ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ የውኃው ግፊት ራሱ ማሰሪያውን ይለቅቀዋል። ይህ ማስለቀቂያ የአገልግሎት ዘመን አለው፤ በብዛት የሚሠራባቸው ዓይነቶች በየሁለት ዓመቱ ይለወጣሉ። አንድ ሰው መሣሪያው በማዕበል እንዳይወድቅ ብሎ በገመድ አጥብቆ ቢያስረው፣ ከመርከቧ ጋር አብሮ ይሰጥማል። ቴክኒሻኑ ስለዚህ ባትሪውንና ምልክቱን ብቻ ሳይሆን የተሰቀለበትን ቦታ፣ ከላዩ የሚያግደው ጣራ መኖር አለመኖሩን፣ ቀኑ ያለፈበት መሆን አለመሆኑን ይመለከታል። ምርመራውንም በመሣሪያው የራስ መፈተሻ ወይም ሞገድ በማያስወጣ ሣጥን ውስጥ ያደርጋል፤ በስሕተት የተላከ ምልክት የነፍስ አድን ሠራተኞችን በከንቱ ያስነሣልና።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋው የመርከቧ መለያ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የመርከብ ሬዲዮ ባለ 9 አኃዝ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መርከቧ የተመዘገበችበትን አገር ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ የተመዘገበ መርከብ ቁጥር በ624 ይጀምራል። መርከብ ተሸጣ ባንዲራ ስትለውጥ ይህ ቁጥር በሁሉም መሣሪያዎች ላይ በአንድ ላይ መለወጥ አለበት፤ አንዱ ከተረሳ፣ በጭንቅ ጊዜ የሚደርሰው ጥሪ የሌላ ባለቤትን ስልክ ሊያስደውል ይችላል።

የሬዲዮ ባትሪዎችም እንዲሁ ናቸው። የመርከቧ ዋና ኃይል ሲጠፋ ሬዲዮው በተጠባባቂ ባትሪ ለአንድ ሰዓት፣ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተሯ ደንቡን የማያሟላ ከሆነ ደግሞ ለ6 ሰዓታት መሥራት መቻል አለበት። ባትሪው ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ አረንጓዴ መብራት ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ አቅሙ የሚታወቀው ጭነት ተሸክሞ ሲፈተሽ ነው።

የጉዞ መቅረጫውንም እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። እንደ አውሮፕላን ጥቁር ሣጥን በማዘዣ ክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ድምፅና የመሣሪያዎቹን መረጃ ይቀዳል፤ በየዓመቱም ፈቃድ ባለው ባለሙያ መፈተሽ አለበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ኤል ፋሮ የተባለችው የአሜሪካ የጭነት መርከብ በባሃማስ አቅራቢያ በማዕበል ሰጥማ 33 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል የወጣው መቅረጫ የ26 ሰዓት ገደማ ንግግር ይዞ ስለነበር መርማሪዎች ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ቻሉ። ማይክሮፎኖቹ በሚሰማ ቦታ መሆናቸውን በየዓመቱ የሚፈትሸው ሰው ሥራውን በጨዋታ ቢያየው እንዲህ ያለው ማስረጃ ላይገኝ ይችላል።

የጂፒኤስ ምልክት ሲታወክ ቴክኒሻኑ ምን ያደርጋል?

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚገኙ ምልክታቸው ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው፤ ከቅርብ የሚላክ ብርቱ ሞገድ በቀላሉ ይሸፍነዋል ወይም በሐሰት ምልክት ይተካዋል። ይህ በቀይ ባሕርና በሆርሙዝ ዙሪያ በቅርብ ዓመታት የተለመደ ችግር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ በጅዳ አቅራቢያ መሬት ላይ ስትቀመጥ፣ የመርከብ እንቅስቃሴ ተንታኞች ነገሩን ከዚሁ የምልክት መታወክ ጋር አያይዘውታል። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በዚህ ጊዜ የቴክኒሻኑ ጥያቄ ብልሽቱ የእኛ ነው ወይስ የአካባቢው የሚል ነው። ሁለት የተለያዩ ተቀባዮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብረው ከታመሙ፣ በአካባቢው ያሉ መርከቦች በኤአይኤስ ላይ በየብስ ላይ ሲሄዱ ከታዩ፣ ከዚያ ክልል ሲወጡም ነገሩ ራሱን ካስተካከለ፣ ምክንያቱ ውጭ ነው። አንዱ ተቀባይ ብቻ፣ በተለይም በዝናብ ጊዜ የሚሳሳት ከሆነ ግን ውኃ የገባበትን የአንቴና ኬብል መጠርጠር ይሻላል። ቴክኒሻኑ የውጭውን ጣልቃ ገብነት ማቆም አይችልም። ራዳሩ፣ ጋይሮ ኮምፓሱና የጥልቀት መለኪያው ያለ ጂፒኤስ የሚታመኑ ሆነው እንዲጠብቁ ማድረግ ግን ይችላል፤ መርከበኛው ቦታውን ከእነርሱ ያወጣልና።

ሥራው ለራሱ ለባለሙያው አደጋ አለው?

አለው። የራዳር ማሰራጫው ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ማከማቻዎች (ካፓሲተሮች) ኃይሉ ከጠፋ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ የያዙት ኤሌክትሪክ ሳይወጣላቸው አይነኩም። ምሰሶ ላይ ከመውጣት በፊት ራዳሩ ይጠፋል፣ ፊውዙ ተነቅሎ ከባለሙያው ጋር ይሄዳል፣ ምሰሶው ላይ ሰው አለ የሚል ጽሑፍ ማብሪያው ላይ ይሰቀላል፣ የመርከቡ መኮንን የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ ለጊዜ ሲሉ መዝለል በዚህ ሙያ ይቅርታ የለውም።

ወደ ሙያው የሚገባው እንዴት ነው?

የመርከበኞችን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን የሚል ራሱን የቻለ ማዕረግ የተጨመረበት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በማኒላ በተደረገው ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ ነው። በአንዱ መንገድ የሚመጣ ዕጩ ቢያንስ 12 ወር የወርክሾፕ ሥልጠናና የባሕር ላይ አገልግሎት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚህም ቢያንስ 6 ወሩ የተፈቀደ ፕሮግራም አካል ሆኖ በባሕር ላይ የሚፈጸም ነው። በኢትዮጵያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ከመርከብ መሐንዲሶች ጎን ለጎን በዚህ ዘርፍ መኮንኖችን ያሠለጥናል፤ ባሕር በር በሌለው አገር የሚሠለጥኑት ወጣቶች በውጭ አገር ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖች መንገድ ሌላ ነው። እዚያ የመርከብ ሬዲዮና ራዳር ለመጠገንና ለማስተካከል የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሬዲዮ ቴክኒክ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ በደንብና በአሠራር ላይ 24 ጥያቄዎች ሆነው 18 ማለፊያ ነው፣ በኤሌክትሮኒክስ ላይ ደግሞ 100 ጥያቄዎች ሆነው 75 ማለፊያ ነው። ራዳር ለመንካት ተጨማሪ 50 ጥያቄዎች አሉ፣ ከነዚህም 38ቱን መመለስ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ዜግነት አይጠይቅም፤ በአገሪቱ በሕጋዊነት መኖር ወይም የመሥራት መብት ያለው፣ በእንግሊዝኛ መልእክት መስማትና መናገር የሚችል ሰው መፈተን ይችላል። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ እድሳት አይፈልግም።

ሞባይልና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሰው ከዚህ ሙያ ግማሹን ያውቃል፤ ሽቦ መበየድ፣ መልቲሜትር ማንበብ፣ የኤሌክትሪክ ዑደትን (ሰርኪዩት) መከተል የራሱ ናቸው። የሚጎድለው ደንቡን ማወቅ፣ መርከበኛው መሣሪያውን እንዴት እንደሚጠቀምበት መረዳት፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ ንጹሕ የአገልግሎት ሪፖርት መጻፍ ነው። ሪፖርቱ የተለካውን ቁጥር፣ የተለወጠውን ዕቃ መለያና ሳይጠገን የቀረውን ነገር መያዝ አለበት፤ ቀጣዩ ወደብ ላይ የሚወጣው ቴክኒሻን ከዚያ ወረቀት ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለማይኖር።

በመርከብ ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ቢያረጋግጥ ይጠቅመዋል። የመርከበኞች የጤና ምርመራ ለኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንኖች የቀለም መለየት ፈተናን ይጨምራል፤ በአንድ ኬብል ውስጥ ቀለማቸው የተቀራረበ በርካታ ሽቦዎች ስላሉ፣ ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ዓይን በዚያ ምርመራ ላይ ሊወድቅ ይችላል።